ከፏፏቴው አፋፍ ወደ ኋላ

«መንገድ ላይ አትቁም። ሽንቱ ከመጣም ነዳጅ ማደያ ገብተህ፣ እጁን ይዘህ። ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ምን አልኩህ?»

«እጁን እንዳልለቅ።»

ሚስቱ አዋላጅ ነበረችና ትእዛዝ ስትሰጥ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ የሰጠችውን ትእዛዝ ግን ሳታስደግም አትለቅም። አባቷ ለጥቂት ቀናት ገጠር እህታቸው ቤት ሰንብተው ዛሬ ወደ ከተማ የሚመለሱበት ቀን ነበር። እሷ ተረኛ ስለሆነች ከሥራዋ መውጣት አልቻለችም። ስለዚህም ከታመሙ ወዲህ ለማንም ተማምና ያልሰጠቻቸውን አባቷን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለባሏ አደራ ሰጠችው።

የሽማግሌው ሕመም መርሳት ነው። መጀመሪያ መነጽራቸውን ረሱ፤ ቀጥሎ የሰፈራቸውን መንገድ፤ ቀጥሎ የሚስታቸውን መሞት። አንድ ቀን ጠዋት በነጠላ ጫማ ከቤት ወጥተው ጠፉ። ሲፈለጉ ውለው የተገኙት አውቶቡስ ተራ፣ ከማያውቁት አውቶቡስ በር ላይ ቆመው ነው። «ቁልፉን አምጡ እንጂ፣ ሰው ተሳፍሮ እየጠበቀ!» እያሉ ይቆጡ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ፍርሃት የቤቱ ጥገኛ ሆኖ ተቀመጠ፤ በር በተንኳኳ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው እሱ ነው።

አማቹ እነሆ አሁን መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ጠመዝማዛውን መንገድ ይወርዳል። በሚነዳ ሰው እጅ የሌላ ሰው እጅ እንደማይያዝ ሚስቱም እሱም ጠዋት ላይ አላሰቡትም ነበር። በየመታጠፊያው ዓይኑን ወደ ጎን ወርወር እያደረገ የሽማግሌውን እጅ ያያል። ያ እጅ ከጉልበታቸው ላይ ተነሥቶ የበሩን እጀታ ይዳስሳል፤ ይመለሳል፤ ደግሞ ይዳስሳል።

ሽማግሌው በደኅናው ዘመን የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ተሳፋሪው «ጋሽ ዝግታ» ይላቸው ነበር። አንድም ቀን አውቶቡስ ገልብጠው፣ አንድም ቀን ሰው ጥለው ሄደው አያውቁም። ከኋላቸው ጥሩምባ የሰሙ እንደሆነ ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ዳሩን ይይዙና ያሳልፋሉ። «ይለፍ፤ ለቀብር ቸኩሎ ነው» ይላሉ። «የማን ቀብር፣ ጋሼ?» ሲባሉ፣ «የራሱ ነዋ!» ብለው አውቶቡሱን በሙሉ ያስቁታል።

አማቹ በዚያን ጊዜ ረዳታቸው ነበር። ሹፌርና ረዳት ደግሞ የሚነጋገሩት በአፍ አይደለም፤ በመዳፍ ነው። ረዳቱ የአውቶቡሱን ገላ ሁለት ጊዜ ሲመታ «ሂድ» ማለት ነው። አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርጎ ሲመታ «ቁም»። ሳያቋርጥ በልክ በልክ ሲመታ ደግሞ «ወደ ኋላ ና፣ ና፣ ና»። ጋሽ ዝግታ ወደ ኋላ ሲነዱ አንገታቸውን አዙረው አያዩም ነበር። «የፊቱ የኔ፣ የኋላው ያንተ ነው» ይሉታል። ከብዙ ረዳት መካከልም የእሱን እጅ ለይተው ያውቁ ነበር፤ «ከባድ ነው፤ ቆርቆሮዬን ልትበሳው ነው» እያሉ ይነጫነጩ እንደነበረ ያስታውሳል።

ልጃቸውን ሊያገባ በሽማግሌ ባስጠየቀ ጊዜ ግን ጋሽ ዝግታ ፈገግታቸውን ሰበሰቡ። «ልጄን ለረዳት?» አሉ። ሠርጉን አልከለከሉም፤ መጥተው ተቀምጠዋል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፍቶ ራሱን ከቻለ በኋላም፣ «ረዳት» ከማለት በቀር በሌላ ስም ጠርተውት አያውቁም። ሕመሙ ብዙውን ነገር ሲወስድባቸው ይህችን ቃል ተወላቸው።

«አንተ ረዳት፣» አሉ አሁን። «ሞተሩ ሞቋል። ውሃው ጋ ቁም።»

«ኧረ ደኅና ነው ጋሼ፤ ይኸው የሙቀቱ መርፌ መሐል ላይ ነው።»

«አፍንጫ የለህም? ሞቋል እኮ ነው የምልህ! ቁም!»

እጃቸው የበሩን እጀታ ያዘ፤ በሩም ቀጭ ብሎ ተላቀቀ። ነፋሱ ወደ ውስጥ ገባ። አማቹ በአንድ እጁ ትከሻቸውን ጨምድዶ መኪናውን ወደ ዳር አወጣና አቆመ። የቆመበትም ስፍራ ሽማግሌው የተመኙት ስፍራ ሆነ። የዱሮ አውቶቡሶች ዳገቱን ሳይጀምሩ ቆመው ውሃ የሚሞሉበት፣ እሱም በወጣትነቱ ጀሪካን ይዞ ስንት ጊዜ የወረደበት የመንገድ ዳር ፏፏቴ ነው።

ፏፏቴው ትንሽ ነው። በደረቁ ወራት ከአለቱ ላይ እንደ ክር ቀጥኖ ይወርዳል፤ መንገደኛው ፊቱን ታጥቦበት ያልፋል። አሁን ግን ዝናቡን ሲጠጣ ሰንብቷልና ወፍሮ፣ ደፍርሶ፣ አለቱን እየገረፈ ይንደረደራል። ከሥሩ ሁለት ፎቅ ቤት ሊውጥ የሚችል ጎድጓዳ አለ፤ ወለሉ የተሰባበረ ድንጋይ ነው። ከመንገዱ ዳር ተነሥቶ የጎድጓዳውን አፋፍ ተከትሎ እስከ ውሃው የሚዘልቅ፣ ከአለት የተፈለፈለ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ በስተ ቀኙም ወፍራም የብረት ቧንቧ እንደ መደገፊያ ተዘርግቶበታል። ማዶ፣ ከመንገዱ ወዲያ፣ ጥቂት ቤቶች ተጠጋግተው ይታያሉ፤ ከፊታቸውም አንዲት ኪዮስክ።

የክኒን ሰዓት ደርሶ ነበር። አማቹ የውሃውን ጠርሙስ ሲያነሣ ባዶ ሆኖ አገኘው። ኪዮስኳን አየ፤ ሽማግሌውን አየ። መንገዱን መሻገር ብቻ ነው። በሩን ደኅና አድርጎ ዘጋላቸው።

«ጋሼ፣ ከዚህ አይነሡ፤ ውሃ ላምጣ።»

«አምጣ» አሉ፤ እንደ ጤነኛ፣ እንደ ዱሮው። «ግን ቶሎ በል። ሰው ተሳፍሯል።»

የኪዮስኳ ባለቤት ወፈር ያለች፣ ጨዋታ የተጠማች ሴት ነበረች። «የቀዘቀዘ ነው ወይስ ዝም ብሎ ውሃ?»

«ዝም ብሎ ውሃ። ክኒን ለማዋጥ ነው፤ ለሚስቴ አባት።»

«ታድለው! የኔ አማች ውሃ ስጠኝ ብለው ወንዙን ነው የሚያሳየኝ» አለችና ከታች ካለው ሣጥን ጠርሙስ ለማውጣት አጎነበሰች። ከዚያው ከሥር ሆና፣ «አደራህን ሽማግሌውን ወደ ውሃው እንዳታስጠጋ» አለች። «የመደገፊያው ጫፍ በዘንድሮው ዝናብ ተንዷል፤ ብረቱ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። እንሠራዋለን ብለው መጥተው ለክተው ሄዱ፤ ይኸው እንደለኩ ቀሩ።»

አማቹ ዞር አለ። የመኪናው በር ተከፍቷል። ወንበሩ ባዶ ነው።

ጠርሙሱን ሳይቀበል ሮጠ። በመኪናው ውስጥ አየ፤ የሉም። ከመኪናው ኋላ አየ፤ የሉም። ይህን ሁሉ ሲፈልግ ዓይኑ ወደ አንድ ስፍራ ብቻ ላለማየት ይሸሽ እንደነበር የገባው በመጨረሻ ወደዚያ ባየ ጊዜ ነው። ሽማግሌው ከመተላለፊያው ጫፍ ደርሰዋል። ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ቀኝ እጃቸውን ከቧንቧው ላይ አሳርፈው፣ ወደ ጎድጓዳው አንገታቸውን አስግገው ቁልቁል ይመለከታሉ። ውሃው የሚረጨው ጉም እስከ ወገባቸው ሸፍኗቸዋል።

«ጋሼ!» ብሎ ጮኸ። ድምፁን ውሃው ዋጠው። «ጋሼ! ኧረ ጋሼ!» ለራሱ ጆሮ እንኳ አልተሰማውም።

ወደ መተላለፊያው ገባ። ሁለት እርምጃ እንደ ሄደ ለሱቅ የሚያደርገው ጫማው በእርጥቡ አለት ላይ ተንሸራተተና በጉልበቱ ወደቀ፤ በቧንቧው ባይንጠለጠል ኖሮ ቁልቁል ነበር። ተነሣና ባለበት ቆመ። ደርሶ ከኋላ ቢይዛቸውስ? የማይሰማ ሰው ከኋላው ድንገት ሲነካ ይዘላል፤ የሚዘልበት መሬት ደግሞ የለም። የሚስቱ ድምፅ በጆሮው ውስጥ ያስደግመው ጀመር፤ ምን አልኩህ? ምን አልኩህ?

ያኔ ነው ጥሩምባው ትዝ ያለው። ጥሩምባ ከውሃ ድምፅ በላይ ይሰማል። ወደ መኪናው ተመልሶ በመዳፉ አጥብቆ ተጫነው፤ ረጅም አድርጎ ነፋው።

ሽማግሌው ሰሙ። ትከሻቸው ነቃ አለ። ነገር ግን አልዞሩም። እንደ ጨዋ ሹፌር፣ ከኋላ ለመጣው ለማይታይ መኪና መንገድ ሊለቁ፣ ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ዳሩን ያዙ።

ወደ ቀኝ ደግሞ ገደሉ ነው።

አንድ እግራቸው ከአለቱ ጠርዝ ላይ አረፈ፤ የጫማቸው ግማሽ በአየር ላይ ነበር። የተንጠለጠለው ብረት ከክብደታቸው ጋር ወደ ውጭ ዘመመ። አማቹ ከጥሩምባው ላይ እጁን እሳት እንደነካ ሁሉ አነሣ። ያደረገውን ነገር አየ፤ ያደረገው እሱ ራሱ እንደሆነም አወቀ። 

የኪዮስኳ ሴት ጠርሙሱን እንደያዘች እያለከለከች ደረሰች። «ምን ትገተራለህ? ሂድና ያዘው እንጂ!»

«ከኋላ ብነካቸው ይደነግጣሉ።»

«ታዲያ ዝም ብለን ልናይ ነው?»

 አማቹ ወደ መተላለፊያው ተመልሶ የመደገፊያውን መነሻ ያዘ። ብረቱ ከመዳፉ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እዚያ ማዶ ውሃው ሲመታው እዚህ ድረስ ይሰማል። መዳፉን አየ። ቀና ብሎም የሽማግሌውን መዳፍ አየ፤ በዚያው በአንዱ ቧንቧ ላይ፣ በሌላው ጫፍ።

ጎንበስ ብሎ ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ አነሣ።  በሁለት እጁ ያዘውና ብረቱን አንድ ጊዜ፣ ጠበቅ አድርጎ መታው።

ቁም።

ሽማግሌው ቆሙ። ሊነሣ የነበረው ሌላው እግራቸው ባለበት ቀረ። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው የቧንቧውን ነገር በመዳፋቸው እንደሚያዳምጡ ሆኑ።

አማቹ ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያም መምታት ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ በልክ በልክ፣ በወጣትነቱ በየመናኸሪያው እንደሚያደርገው። ና። ና። ና።

ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ረስተውት ይሆን? ሁሉን የረሱ ሰው ይህን ለምን ያስታውሳሉ? ቢሆንም ምቱን አላቋረጠም፤ ማቋረጥ ፈራ። ከዚያ ያ ከጠርዙ ላይ የነበረው እግር ተነሣ፤ ወደ ኋላም ተመልሶ ከአለቱ ላይ አረፈ። ቀጥሎ ሌላው። ጋሽ ዝግታ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ መዳፋቸውን ከብረቱ ሳያነሡ፣ የኋላውን ለረዳታቸው ትተው ወደ ኋላ ይመጡ ጀመር።

«የፈጠረኝ አምላክ!» አለች ሴትየዋ፤ አፏን በእጇ ያዘች።

ከመንገዱ ወገብ ላይ ያን ጊዜ የከባድ መኪና ድምፅ ተሰማ። ቁልቁለቱን እያቃሰተ ይወርዳል። አማቹ ያን ድምፅ ያውቀዋል፤ መታጠፊያውንም ያውቀዋል። በዚህ መታጠፊያ ጥሩምባ ሳይነፋ የሚያልፍ የጭነት መኪና የለም። ጥሩምባው ከተነፋ ደግሞ ሽማግሌው ዳሩን ይይዛሉ። እጁ ምቱን እንዳያዛባ እየታገለ ወደ ሴትየዋ ዞረ።

«ጥሩምባ እንዳይነፋ! በፈጠረሽ፣ እንዳይነፋ!»

ለምን ብላ አልጠየቀችም። ጠርሙሱን ጥላ ወደ መንገዱ ሮጠች፤ ከመታጠፊያው መሐል እጆቿን ዘርግታ ቆመች። መኪናው ከላይ ብቅ አለ፤ ፍሬኑ ፉጨት አወጣ፤ ከእሷ ጥቂት ራቅ ብሎ ቆመ። ሹፌሩ በመስኮት ግማሽ ገላውን አወጣ።

«አብደሻል እንዴ አንቺ ሴትዮ? መሞት አማረሽ?»

ጣቷን ከከንፈሯ ላይ አደረገች። «ጥሩምባህን እንዳትነካ፤ እጅህን እቆርጠዋለሁ!» አለች፤ በሌላው እጇም ወደ ፏፏቴው አመለከተች። ሹፌሩ አየ። ሞተሩን አጠፋ።

አማቹ ይህን ሁሉ በጎን ዓይኑ ነው ያየው። ዋናው ዓይኑ ከሽማግሌው ተረከዝ ላይ ነበር። እሱ ራሱ በጉልበቱ የወደቀበት የሚያንሸራትት ድንጋይ አሁን ከተረከዛቸው ኋላ ነው። አንድ ጠንካራ ምት መታ። ቆሙ። የሚቀጥለውን ምት እጅግ አዘገየው፤ እሳቸውም ረዳታቸው ሲያዘገይ መንገዱ አስቸጋሪ መሆኑን የሚያውቁ ነበሩና እግራቸውን ሳያነሡ እየጎተቱ፣ ጫማቸውን ከአለቱ ጋር እያሻሹ ወደ ኋላ ሳቡት። ተንሸራተቱ፤ ሁለቱም እጆቻቸው ቧንቧውን ጨበጡ፤ ጸኑ። ከከባዱ መኪና በኩል አንድ ሰው «ኡፍ» ሲል ተሰማ።

ና። ና። ና።

ጀርባቸው ከአማቹ ደረት ጋር ሲነካ የመጨረሻውን አንድ ምት መታና ድንጋዩን ጣለ። በሁለት እጁ ወገባቸውን አቀፈ። ልብሳቸው በሙሉ ርሷል። እሱም ርሷል፤ የሱ ግን ላብ ነበር።

«እጅህ አሁንም ከባድ ነው» አሉ ሽማግሌው፤ ሳይዞሩ።

«ጋሼ … ምን ፈልገው ነው እዚያ የሄዱት?»

«አንተን ነዋ! ውሃ ላምጣ ብለህ ወርደህ በዚያው ቀረህ። ጠበቅሁህ፤ አልመጣህም። ድንጋዩ ያንሸራትታል እያልኩህ መቼ ትሰማለህ?» ድምፃቸው ሰለለ። «ከሥር ወድቀህ ይሆናል ብዬ … ባይ ባይ የለህም።»

 አማቹ እጃቸውን ይዞ ወደ መኪናው ወሰዳቸው። የኪዮስኳ ሴት ከመሬት ያነሣችውን ጠርሙስ ከፍታ ክኒናቸውን አዋጠቻቸው። የከባዱ መኪና ሹፌር ከማዶ ሆኖ፣ «አባት፣ ወደ ኋላ እንዲህ የሚነዳ አላየሁም!» አለ። ጋሽ ዝግታ እጃቸውን እንደ ባልደረባ አነሡለት።

አማቹ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። የደኅንነት ቀበቶውን ራሱ አሰረላቸው፤ መታሰሩን ጎተት አድርጎ አየ፤ ደግሞም አየ። ቁልፉን ሊያዞር እጁን ሰደደ። ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ነበረች። «ማደያ ነን» ማለት ይችል ነበር፤ ቃሉ ከምላሱ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር።

«የት ደረሳችሁ?»

«ፏፏቴው ጋ። ቆሜያለሁ።»

 ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል። «እጁስ?»

«ለቀቅሁት። አሁን ይዤዋለሁ።»

 ጠዋት የሰጠችውን አደራ አሁን ስትነጥቀው የሚሰማው መሰለው። «ስጠው» አለች።

ስልኩን ከሽማግሌው ጆሮ ላይ አደረገ። እሳቸውም በሹፌርነታቸው ዘመን ለመናኸሪያ ኃላፊዎች ሲመልሱ እንደነበረው ኮስተር ብለው ተናገሩ።

«ልጄ፣ ረዳቱን እንዳትቆጪው።»

«የቱን ረዳት፣ አባዬ?»

«ባልሽን ነዋ! ሌላ ማን አለኝ? ውሃ ሊያመጣ ወርዶ ቆይቶብኝ ነው። ተመልሷል። ሰው ጥዬ እንደማልሄድ ታውቂ የለ?»

ምን እንደመለሰች አማቹ አልሰማም። ስልኩን ሲቀበል መስመሩ ገና ክፍት ነበር። «ቀስ ብለህ ንዳ» አለችው በመጨረሻ፤ ይህን ግን አላስደገመችውም።

ሽማግሌው መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። ቀኝ እጃቸውን ወደ ውጭ አውጥተው የመኪናውን በር ሁለት ጊዜ መቱት።

ሂድ።

አማቹ ግራ እጃቸውን በቀኝ እጁ እንደያዘ፣ ማርሹን ለመቀየር እንኳ ሳይለቅ፣ በአንደኛ ማርሽ ወደ መንገዱ ወጣ። መኪናው እያጓራ እንደ ኤሊ ዳገቱን ጀመረ። የፏፏቴው ድምፅ ከኋላቸው እየራቀ ሄደ፤ የልቡ ምት ግን አልራቀም። ከመታጠፊያው ወዲያ፣ ያ ከባድ መኪና ደረሰባቸውና ጥሩምባውን ነፋ።  አማቹ ጨብጦ የነበረውን እጅ ይበልጥ ጨበጠው፤ የሽማግሌው በር መቆለፉንም ደግሞ አየ። ከዚያ በኋላ ነው ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ዳሩን የያዘው።

«ይለፍ» አሉ ጋሽ ዝግታ፤ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ።